ፖስት ካርድ የማይበቃው ሰላምታ

ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ሰዓቱ ብዙም ሳይቆይ ቆመ፤ እኔም ባትሪ አልቀየርኩለትም። የአዲስ አበባን አውቶቡስ ስጠብቅ፣ የፖስታ ከረጢት ስጠብቅ፣ የመዝጊያ ሰዓት ስጠብቅ ዕድሜዬ አለቀ፤ አሁን የምጠብቀው ነገር የለኝም። እግሬ ያብጣል፣ ወገቤን ያመኛል፣ ምሳ ከበላሁ በኋላ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ይጥለኛል። ሰዉ «አሁንማ ተገላገልሽ» ይለኛል። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ከሥራው ይልቅ ዕረፍቱ ነው ያደከመኝ።

ከሥራ ዘመኔ የተረፉኝ ፖስት ካርዶቼ ናቸው። በጫማ ካርቶን ሞልቼ፣ ምስጥ እንዳይደርስባቸው ካርቶኖቹን ጡብ ላይ ደርድሬ፣ ወላይታ ሶዶ በሚገኘው ቤቴ ጓዳ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። ካርድ የሚሰበስቡ ሌሎች ሰዎች እንዳሉ እሰማለሁ። እነሱ የሚወዱት ሥዕሉን ነው፤ የማዘጋጃ ቤቱን ሕንፃ፣ ጢስ ዓባይን፣ ጭላዳ ዝንጀሮን። እኔ ዝንጀሮውን ገልብጬ ጀርባውን ነው የማነበው። «በጉን እኔ ሳልመጣ እንዳትሸጡት» ይላል አንዱ። «ፎቶዬን ልኬላችኋለሁ፤ ከስቷል አትበሉ፣ ካሜራው ነው» ይላል ሌላው። «ፈተናውን ወድቄአለሁ፤ ለአባባ ቀስ ብላችሁ ንገሩት» ብሎ በገሃድ ካርድ ላይ የጻፈም አለ። አባትየው ከመስማቱ በፊት ግማሹ ከተማ አንብቦት እንደነበር አልጠራጠርም።

ሥራ የጀመርኩት በደርግ ጊዜ ነው፣ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ። ስለ ደመወዙ ብዙ አላወራም፤ ትንሽ ነበር፣ ትንሽ እንደሆነም ቀረ። ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ አንጁሎ የሚባሉ የቦሎሶ ሰው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ነበሩ። መጀመሪያ ያስተማሩኝ ማኅተም መምታት ነው። ደብዳቤ ሲሆን እንደማንኛውም ሰው ያሳርፉበታል፤ ፖስት ካርድ ሲመጣ ግን ከአሮጌ የመኪና ጎማ የቆረጧትን ምንጣፍ ከሥሩ ያነጥፉና ማኅተሙን በቀስታ ያስነኩታል። በኃይል ከተመታ በሥዕሉ በኩል ይጎረብጣል። «እናትየው ካርዱን ስትዳብስ መጀመሪያ የምታገኘው የኛን ማኅተም እንዳይሆን» ይሉኝ ነበር። ቴምብሩ ላይ ግማሽ፣ ካርዱ ላይ ግማሽ፤ ከጽሑፉ ላይ አንድ ፊደል እንኳ እንዳይነካ። ይህን ለመልመድ ብዙ ካርድ አበላሽቻለሁ።

የዛሬ ልጆች ስለማያውቁት አሠራሩን ላስረዳ። እኛ አገር ፖስታ ቤት ለቤት አይዞርም። ሣጥን ያለው በሣጥኑ ይቀበላል፤ የገጠሩ ሰው ደግሞ በትምህርት ቤት ወይም በቤተ ክርስቲያን ሣጥን በኩል ነው የሚጻፍለት። እሁድ ከጸሎት በኋላ ስም ይጠራል፤ የተጠራችው እናት ተነስታ ካርዷን ትቀበላለች። ነገር ግን ማንበብ አትችልም። ብትችልም ካርዱ የተጻፈው በአማርኛ ነው፤ ልጇ ትምህርት ቤት መጻፍ የተማረው በአማርኛ እንጂ እቤት በሚናገሩት በወላይትኛ አልነበረም። ስለዚህ በገበያ ቀን ካርዱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሶዶ ትወጣና ጋሽ አንጁሎ መስኮት ላይ ትቆማለች።

እሳቸው ካርዱን ተቀብለው መጀመሪያ ለብቻቸው በዝምታ ያነቡታል። ከዚያ ገልብጠው ሥዕሉን ያሳይዋታል፤ «ይህ ድልድይ ነው፣ ከሥሩ ወንዝ አለ፣ ልጅሽ በዚህ ላይ አልፎ ይሆናል» እያሉ ያስረዷታል። መጨረሻ ላይ ነው በወላይትኛ የሚያነቡላት። እኔ ሶዶ ብወለድም እቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነበር፤ የኔ ወላይትኛ የገበያ ነው፣ ድንች ለመግዛት ይበቃል። ስለዚህ ነገሩ እስኪገባኝ ጊዜ ወሰደብኝ። ካርዱ ሁለት መስመር ነው፤ የጋሽ አንጁሎ ንባብ ግን ወረፋውን ውጭ በር ድረስ ያደርሰዋል። አንድ ቀን የአንዲት እናት ካርድ ጠረጴዛው ላይ ተገልብጦ ሳለ አነበብኩት። «እኔ ደህና ነኝ፤ እናንተስ? ሰላም ለሁሉም» ነው የሚለው። እሳቸው ግን ጉልበቷን ጠይቀዋታል፣ ጎረቤቶቿን በስም ሰላም ብለዋል፣ ስለ እንሰቱ ሳይቀር አውርተዋል።

ሴትየዋ ስትሄድ «ጋሼ፣ ስለ ጉልበቷ የቱ ጋ ነው የጻፈው?» አልኳቸው።

«አልጻፈም።»

«ታዲያ?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ሙሉ፣ ይህ ልጅ እቤቱ ቢገባ እናቱን እንዴት ሰላም እንደሚል ታውቂያለሽ? እሷን ይጠይቃል፣ ጎረቤቱን ይጠይቃል፣ ከብቱን ይጠይቃል፤ ይህን ሁሉ ሳይጠይቅ አይቀመጥም። አማርኛውን የተማረው ከመምህር ነው። ካርዱ ደግሞ መዳፍ አያህልም። እኔ የማነበው፣ መጥቶ ቢሆን የሚላትን ነው።»

«ባይላትስ?»

«ባይላት ባለጌ ነው። ባለጌ ልጅ ካርድ አይልክም» ብለው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

አልተስማማሁም። የኛ ሥራ የተጻፈውን ማድረስ ነው ብዬ አምን ነበር፤ ያልተጻፈውን የምናደርስ ከሆነ ቴምብሩ ለምን ይለጠፋል? ይህንኑ ደጋግሜ ነገርኳቸው። እሳቸው አልተቆጡኝም፣ ሐሳባቸውንም አልቀየሩም።

ከዚያ አረካ ተመደብኩ። አረካ የምርምር ጣቢያ ሰዎች ስለነበሩ የውጭ አገር ቴምብር ያየሁት እዚያ ነው። ቀጥሎ ቢጠና ሄድኩ፤ አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ እኔና ዘበኛው ብቻ። በመካከል የተመደበልን አንድ ኃላፊ መስኮት ላይ ማንበብን ጨርሶ ሊከለክል ፈልጎ ነበር። «ይህ ፖስታ ቤት ነው፣ የማንበቢያ ክፍል አይደለም» ይል ነበር። እሱ ሲቀየር ትዕዛዙም አብሮት ሄደ። እኔ ቢጠና ላይ አነብ ነበር፤ ግን በራሴ መንገድ፣ ቃል በቃል። ወላይትኛዬን ለዚሁ ብዬ አሻሻልኩ፣ ከመምህራን ጠይቄ አጠናሁ። እናቶቹ አመስግነውኝ ይሄዳሉ። ከዚያ ካርዱን ይዘው መንገዱን ተሻግረው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወንጌላዊ ሲገቡ አያለሁ። እንደገና ያስነብቡታል። እኔን ስላላመኑኝ የሚያረጋግጡ ይመስለኝና ትንሽ ይከፋኝ ነበር።

ወደ ሶዶ ስመለስ ጋሽ አንጁሎ ጡረታ ወጥተው ነበር፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ከየገጠሩ የመጡ እናቶችን ብዛት አይቼ ተገርሜአለሁ። ከዚያ ሞባይል መጣ። ካርዱ በአንድ ቀን አልቆመም፤ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ ለበዓል እንኳ የሚልክ ጠፋ። መናኸሪያው አጠገብ ያለው ፎቶ ቤት ሳይሸጥ የቀረበትን ካርድ ሊጥል ሲያወጣ አየሁና ተቀበልኩት። መሰብሰብ የጀመርኩት እንደዚህ ነው። ቀስ በቀስ ሰዎች የማይፈልጉትን፣ ቤት ሲያጸዱ ያገኙትን ያመጡልኝ ጀመር። ሙጫ አልነካቸውም፤ ጫፍ ጫፋቸውን ከወረቀት በሠራሁት ኪስ ነው የማስይዘው።

ከሁሉም የምወዳቸውን ግን ያገኘኋቸው ገበያ ውስጥ ነው። አንዲት በርበሬ የምትሸጥ ሴት በርበሬውን የምትዝቀው በፖስት ካርድ ነበር። ለምኜ ወሰድኩት፤ ከተቀመጠችበት ሥር ሌሎችንም አወጣችልኝ። ሁሉም ዘለቀ የሚባል ልጅ ከመተሐራ ሸንኮራ እርሻ ተበላ በምትባል የወላይታ ቆላ ለሚኖሩ እናቱ የላካቸው ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያን ሣጥን በኩል። የዘለቀ አጻጻፍ ደስ ይለኝ ነበር። ፊደሉ ቀጥ ያለ ነው፣ ቃል አያባክንም። «ደህና ነኝ። ዝናብ ጣለ ወይ? ሰላም ለሁሉም።» ይኸው ነው። ተቀባይዋ በሕይወት የሌሉ ስለመሰለኝ አልፈለግኋቸውም።

ያለፈው ዓመት የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ጊፋታ፣ ሲቃረብ ከተማው ውስጥ የድሮ ዕቃ ኤግዚቢሽን ተዘጋጀና ካርዶቼን አምጪ ተባልኩ። መስታወት ሥር ደረደርናቸው፤ የዘለቀን ካርዶች ፊት ለፊት አደረግሁ። በማግሥቱ አንዲት ሴት እቤቴ ድረስ መጣች። አማረች ትባላለች፣ ተበላ በሚገኘው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ነው የምትሠራው።

«እትዬ ሙሉ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። «ከቢሮ ፐርሚሽን ወስጄ ነው የመጣሁት። ኤግዚቢሽን ላይ ያለው ካርድ የወንድሜ ነው።»

አስቀመጥኳትና ታሪኩን ነገረችኝ። ዘለቀ መተሐራ ሳለ ወባ ይዞት ሞተ፤ የተቀበረውም እዚያው ነው። እናቱ መቃብሩን አላዩም። ካርዶቹን በሣጥን አስቀምጠው ኖሩ። ከዓመታት በኋላ ልጆቹ የሣር ቤቱን አፍርሰው የቆርቆሮ ቤት ሲሠሩ አሮጌ ወረቀት ነው ብለው ጠርገው አወጡት።

«እኔም አብሬ ጠርጌአለሁ» አለች አማረች። «እማዬ ያኔ ዓይኗ ጠፍቶ ነበር። ወረቀቶቼስ ስትለን ነው የገባን። ከዚያ ወዲህ ስሙን አንስታ አታውቅም። እኛም አናነሳም።»

«ካርዱማ የእናንተ ነው፣ ዛሬውኑ ውሰጂው» አልኳት።

«መውሰዱ ሳይሆን እትዬ፣ እንዲነበብላት ነው። ደክማለች፤ የዛሬ ዓመት የምትደርስ አይመስለኝም። የዘለቀን ነገር አንድ ጊዜ ሳትሰማ እንዳትሄድብኝ ነው።»

«አንቺ አታነቢላትም?»

«እኔ ያኔ ሕፃን ነበርኩ። የሚነበብላት ፖስታ ቤት ነበር። ካርዱ ተገኘ ስላት የፖስታ ቤት ሰው ፈልጊልኝ አለችኝ።»

ቅዳሜ እናቷን በሚኒባስ ይዛ መጣች። የዘለቀ እናት ትንሽ፣ ቀላል ሴት ናቸው፤ ከባጃጅ ስናወርዳቸው ክብደታቸው አልተሰማኝም። ወንበር ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ። ካርዶቹን አንድ በአንድ ሰጠኋቸው። በአውራ ጣታቸው ጠርዝ ጠርዙን ዳበሱት፣ አሸተቱት። በርበሬ ነበር የሚሸተው። ከዚያ መልሰው ሰጡኝና ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ጠበቁ።

በደንብ ተዘጋጅቼ ነበር፤ የሚያሳዝነኝም እሱ ነው። የእያንዳንዱን ቃል ወላይትኛ ከአንድ ቀን በፊት አጥንቻለሁ። መስኮት ላይ እንደማነበው ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። ደህና ነኝ። ዝናብ ጣለ ወይ? ሰላም ለሁሉም። ሁለተኛውን አነሳሁ። ደህና ነኝ። የተላከው ደርሶኛል። ሰላም ለሁሉም። ሦስተኛውን አነበብኩ፤ አራተኛውን ልጀምር ስል የዘለቀ እናት እጃቸውን ካርዶቹ ላይ አሳረፉ።

«ይህ የልጄ አይደለም» አሉ።

«እማዬ፣ ስሙ አለበት እኮ» አለች አማረች። «ዘለቀ ይላል፣ እኔ ራሴ አይቻለሁ።»

«ልጄ እንዲህ አያናግረኝም። እኔን ሳይጠይቀኝ ዝናብ አይጠይቅም።»

ከዚያ ወደ ቤት ውሰጂኝ አሏት። ካርዶቹ ጠረጴዛዬ ላይ ቀሩ። አማረች በሩ ላይ ዞር ብላ አመሰገነችኝ፤ ምነው ባላመሰገነችኝ አልኩ።

በሥራ ዘመኔ ብዙ ጥፋት አይቻለሁ። ከረጢት ዝናብ በልቶት ያውቃል፣ የአንዱ ደብዳቤ ሌላው ሣጥን ገብቶ ያውቃል። ያ ሁሉ የሚስተካከል ነገር ነበር። ይህኛው ላይ ግን አንድም ቃል አልተሳሳትኩም፤ እናትየው ግን ልጃቸውን ፈልገው አጡት። አፈርኩ። ተናደድኩም፤ በመጀመሪያ የተናደድኩት በጋሽ አንጁሎ ነው። ሴትየዋን ያስለመዷት እሳቸው ናቸው፣ ከሞቱ በኋላ ዕዳውን ለእኔ ጥለውት ሄዱ ብዬ ብቻዬን አጉረመረምኩ። ከዚያ የቢጠና እናቶች ትዝ አሉኝ፤ መንገዱን ተሻግረው ወንጌላዊው ዘንድ የሚገቡት። ሊያረጋግጡ አልነበረም የሚሄዱት። እኔ ዘንድ የሰሙት ነገር ሰው ሰው አይሸትም ነበር። ይህ እንዲገባኝ ጡረታ መውጣት ነበረብኝ፤ እሱም አናደደኝ።

በሳምንቱ ካርዶቹን ይዤ ተበላ ወረድኩ። ሙቀቱ እንደጉድ ነው፤ ከሚኒባሱ ወርጄ ቤታቸው እስክደርስ ሁለት ቦታ ዛፍ ሥር ተቀምጬ አረፍኩ። ለምን ራሴን እንዲህ እንደማደክም እየጠየቅሁ ነው የሄድኩት። አማረች በር ላይ ተቀበለችኝ።

«ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙም አልበላችም» አለችኝ በሹክሹክታ። «አያንብቡላት እትዬ። ይቅር።»

«አንዴ ልሞክር» አልኳት።

የዘለቀ እናት መደብ ላይ ተጋድመዋል። ድምፄን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። አንዱን ካርድ አወጣሁና ጽሑፉን ለብቻዬ በዝምታ አነበብኩት። ከዚያ ገለበጥኩት።

«ትልቅ ድልድይ ነው» አልኳቸው። «ከሥሩ ወንዝ አለ። ጥግ ላይ አንድ ሰው ቆሟል።»

«አዋሽ ነው» አሉ፣ ሳይዞሩ።

ጀመርኩ። «ሳሮ፣ እማ» አልኩ፤ ሳሮ በወላይትኛ ሰላም ማለት ነው። «ሳሮ ለአንቺ፣ ሳሮ ለአባባ፣ ሳሮ ለአማረች፤ አድጋለች ወይ? ጎረቤቶቻችን ደህና ናቸው ወይ?» ምላሴ ይተሳሰር ነበር። ያጠናሁት ቃል አንዱም አልመጣልኝም፤ ገበያ ውስጥ የሰማሁትን ነው የምናገረው። አማረች በትከሻዬ በኩል ካርዱን ታያለች፤ ሁለት መስመር መሆኑን ታያለች። እኔ እንሰቱን ጠየቅሁ፣ በቆሎውን ጠየቅሁ። «ላሟስ ወለደች ወይ?» አልኩ።

«ያኔ ላም አልነበረንም» አሉ የዘለቀ እናት።

ካርዱን ዝቅ አደረግሁ። በቃ፣ ሁለተኛ አበላሸሁት ብዬ እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ።

«አንጁሎም ይሳሳት ነበር» አሉና ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። «አንዴ የሞተ ዘመዴን ሰላም ብሎልኛል።»

«ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«ጣቴ አያውቅም እንዴ? እስክሪብቶው የሄደበትን ዳብሼ አውቀዋለሁ፤ እንዲህች ናት።» በጣታቸው አጭር መስመር አሳዩኝ። «ዘለቀ ለጊፋታ ሲመጣ፣ እንዲህ እንዲህ ብለህ ልከህልኛል እለዋለሁ። ይስቃል። አዎ እማ፣ ብያለሁ ይለኛል። እሱ ብያለሁ ካለ ብሏል።»

አማረች አፏን በነጠላዋ ይዛለች። የዘለቀ እናት በክንዳቸው ተደግፈው ቀና አሉ፤ ትራሱን ከጀርባቸው አስተካከልኩላቸው።

«ቀጥዪ» አሉኝ። «ላሟን ተዪያት። ስለ ጉልበቴ ገና አልጠየቀኝም።»

ካርዱን ወደ ዓይኔ አቀረብኩት።

«እማ፣ ጉልበትሽስ እንዴት ነው?»

«ያመኛል፣ ልጄ» አሉ።